የፀጉር ቫይታሚን ከመግዛቴ በፊት ደሜን ብመረመር ኖሮ

ልጄ አራት ወር እንደሞላት አንድ ሌሊት ከእንቅልፏ ተነሥታ ማልቀስ ጀመረች። ጡት ሰጠኋት፣ አልተቀበለችም። አቀፍኳት፣ ጀርባዋን መታ መታ አደረግኩላት፣ አልበረደላትም። ልብሷን አውልቄ ሳገላብጣት የቀኝ እግሯ ሁለተኛ ጣት አብጦ ቀልቷል። መብራት አቅርበን ስናየው ከጣቷ ሥር አንድ ቀጭን ነገር ቆዳዋ ውስጥ ሰምጧል። የእኔ ፀጉር ነበር። ካልሲዋ ውስጥ ገብቶ ጣቷ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞ ደሟን ዘግቶታል። ባለቤቴ በስልኩ እያበራልኝ፣ በትንሿ የጥፍር መቀስ ጫፍ ቀስ ብዬ አንሥቼ እስክቆርጠው ድረስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጣቷ እስኪነጋ ወደ መልኩ ተመለሰ። ጠዋት ጤና ጣቢያ ስንወስዳት ነርሷ ነገሩን ታውቀው ኖሮ አልተገረመችም። ፀጉሯ የሚረግፍባት እናት ባለችበት ቤት ይህ ይደርሳል፤ ክሩ ቶሎ ካልተነሣ ጣቱ እስከ መሞት ሊደርስ ይችላል አለችን። ስለዚህ አራስ የሆናችሁ እናቶች፣ ሕፃን ያለ ምክንያት አምርሮ ሲያለቅስ የእጁንና የእግሩን ጣቶች አንድ በአንድ እዩ፤ ወንድ ከሆነ ብልቱንም እዩ። ፀጉሩ ጠልቆ ከገባና ካልታያችሁ ራሳችሁ ስትታገሉ ጊዜ አታባክኑ፣ ወደ ሐኪም ሩጡ። እኔ ከዚያ ሌሊት ወዲህ የልጄን ካልሲ ገልብጬ ሳላራግፍ አላለብሳትም።

የወለድኩት መጋቢት ላይ ነው። በእርግዝናዬ ጊዜ በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው ፀጉር ነበረኝ፤ ሹሩባ የምትሠራኝ ሴት "ዘንድሮስ እጄ አልበቃ አለኝ" ትለኝ ነበር። ሐምሌ ላይ ግን ስታበጥረኝ ድንገት ዝም አለች። ከዚያም ሚዶውን ወደ ፊቴ አምጥታ አሳየችኝ፤ ጥርሱ አይታይም። "እህቴ፣ እየጎተትኩሽ አይደለም፤ ራሱ ነው የሚመጣው" አለችኝ። ቤት ገብቼ ሳየው ትራሴ ላይ፣ ነጠላዬ ላይ፣ የመታጠቢያው ውኃ መውረጃ ላይ ሁሉ ፀጉር ነው። አንድ ቀን ጠዋት የለቀቀውን ሰብስቤ ልቆጥር ጀምሬ 200 ላይ ስደርስ ተውኩት።

እናቴ ነገሩን አቅልላ ነው ያየችው። "እኔም አንቺን ወልጄ በአራተኛው ወር እንዲሁ ሆኜ ነበር፤ ተመልሷል፤ በሚገባ ብዪ" አለችኝና ለጋ ቅቤ ቀባችኝ። ቅቤው የደረቀውን ፀጉሬን አለሰለሰው፤ መርገፉን ግን አላስቆመውም። አሁን ሳስበው እናቴ ከተናገረችው ውስጥ ትልቁ ቁም ነገር "በሚገባ ብዪ" የሚለው ነበር። እኔ ግን ያንን እንደ ተራ የእናት ምክር ሰምቼ አለፍኩት።

ሜሪላንድ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ፎቶዬን አይታ ደነገጠች። በነሐሴ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው በኩል ለፀጉር፣ ለጥፍርና ለቆዳ የሚል ብልቃጥ ላከችልኝ። "እዚህ ሁሉም የሚወስደው ነው፤ ሦስት ወር ውሰጂና ታያለሽ" አለችኝ። በየቀኑ አንድ እንክብል ዋጥኩ። ብልቃጡ ኅዳር ላይ ሲያልቅ ለውጥ አላየሁም፤ ግን የጀመርኩትን ካቋረጥኩ የባሰ ይሆናል ብዬ ፈራሁና ሁለተኛውን እዚሁ አዲስ አበባ ከአንድ ሱቅ ገዛሁ። የከፈልኩት የቤታችንን የግማሽ ወር አስቤዛ ይሸፍን ነበር።

ብልቃጡ ላይ ትልቅ ሆኖ የተጻፈው ባዮቲን 10,000 ማይክሮግራም የሚል ነው፤ ባዮቲን ከቢ ቫይታሚኖች አንዱ ነው። ያን ጊዜ ቁጥሩ ሲበዛ ጥሩ መስሎኝ ነበር። አንድ ጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን የሚበቃው ባዮቲን 30 ማይክሮግራም፣ ለምታጠባ እናት ደግሞ 35 ማይክሮግራም እንደሆነ የተረዳሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እኔ ከሚያስፈልገኝ 300 እጥፍ የሚጠጋ በየቀኑ እየዋጥኩ ነበር። ባዮቲን በእንቁላል፣ በጉበት፣ በለውዝና በጥራጥሬ ውስጥ ስለሚገኝ እጥረቱ ብዙ ሰው ላይ አይታይም። የሚያጠቃው አብሯቸው የተወለደ ችግር ያለባቸውን፣ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችን ለረጅም ጊዜ የሚወስዱትን፣ ወይም ጥሬ የእንቁላል ነጭ ለወራት አዘውትረው የሚበሉትን ነው። እጥረቱ ያለበት ሰው ባዮቲን ሲወስድ ፀጉሩ ይመለሳል። እጥረት የሌለበት ሰው ላይ ፀጉር እንደሚያበቅል ግን በበቂ ጥናት አልተረጋገጠም።

በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ የነቢያት ጾም ላይ እያለን፣ ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታብኝ ጀመር። ልጄን አዝዬ ሁለተኛ ፎቅ ስደርስ ቆሜ ትንፋሼን መሰብሰብ ነበረብኝ። ሰፈራችን ወዳለ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ የልብ ምቱንና የፀጉሩን መርገፍ አንድ ላይ ሲሰማ የእንቅርት ሆርሞን ምርመራ አዘዘልኝ፤ አሳቡ ትክክል ነበር፤ ታይሮይድ የሚባለው የእንቅርት ዕጢ ሲዛባ ፀጉር ይረግፋልና። ውጤቱ ሲመጣ ቲኤስኤች የሚባለው፣ ዕጢውን ሥራ የሚያዝዘው ሆርሞን፣ ከልክ በታች፣ የታይሮይዱ ሆርሞን ደግሞ ከልክ በላይ ሆነ። የእንቅርት ዕጢሽ ከመጠን በላይ እየሠራ ነው ተብዬ መድኃኒት ተጻፈልኝ። ሄሞግሎቢኔ 12.1 ስለነበር ደግሞ ደም ማነስ የለብሽም ተባልኩ።

ማንም ሰው "የምትወስጂው ነገር አለ?" ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። ቫይታሚን እንደ መድኃኒት የሚቆጠር አልመሰለኝም ነበር።

መድኃኒቱን ሳልጀምር ሌላ ሐኪም እንድታይ የወተወተኝ ባለቤቴ ነው። የምታጠባ ሴት ይህን ከመውሰዷ በፊት ሁለተኛ ሰው ይየው ብሎ አላስቀመጠኝም። በወሩ መጨረሻ ወደ አንዲት የቆዳ ሐኪም ሄድኩ። ከጠረጴዛዋ ተነሥታ አጠገቤ ቆመች። ከራሴ ላይ ሃምሳ ስልሳ የሚሆን ፀጉር በሁለት ጣቶቿ መካከል ይዛ ከሥሩ ወደ ጫፉ ቀስ ብላ ሳበችው። እጇ ላይ አሥር ያህል ቀረ። አንዱን ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጣ በማጉያ መነጽር አሳየችኝ፤ ጫፉ ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ ያነሰች ነጭ ነጥብ አለች። እኔ ሁልጊዜ ያችን ነጭ ነጥብ ሳይ "ከነሥሩ ተነቀለ፣ ከእንግዲህ አይበቅልም" እያልኩ ነበር የማለቅሰው። "ይህ ዕድገቱን ጨርሶ አርፎ የወጣ ፀጉር ነው። ማብቀያው ቆዳሽ ውስጥ በሕይወት አለ" አለችኝ። በአምስት ወር ውስጥ ደስ ያለኝ የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር።

ቀጥላ የጠየቀችኝ እንዲህ ብላ ነው፦ "መርገፉ ከመጀመሩ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ምን ሆነሽ ነበር?"

እንዳስረዳችኝ፣ የሰው ራስ ላይ 100,000 ያህል ፀጉር አለ። ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ በማደግ ላይ ነው፤ የቀረው ሦስት ወር ገደማ አርፎ ይረግፋል። ስለዚህ በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር መውደቁ ጤነኛ ነገር ነው። በእርግዝና ጊዜ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ከፍ ስለሚል መውደቅ የነበረበት ፀጉር ሳይወድቅ ይቆያል፤ የእኔ ፀጉር እጅ አልበቃ ያለው ለዚህ ነው። ስንወልድ ሆርሞኑ ይወርዳል፣ የቆየው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ዕረፍት ይገባል፣ ከሁለት እስከ አራት ወር ውስጥ አብሮ ይለቃል። ከባድ ትኩሳት፣ ትልቅ ቀዶ ሕክምና፣ ክብደት ለመቀነስ ሲባል ምግብ መቁረጥ፣ ከባድ ሐዘን እንዲሁ ያደርጋሉ። ሰው ግን የሚያስበው ፀጉሩ በረገፈበት ሳምንት የበላውን ወይም የተቀባውን ስለሆነ እውነተኛው ምክንያት ያልፈዋል።

ከወሊድ በኋላ የሚመጣው መርገፍ አብዛኛውን ጊዜ ያለ መድኃኒት ይቆማል፤ ልጁ ዓመት እስኪሞላው ፀጉሩ ይመለሳል። የእኔ በዘጠነኛው ወርም አለመቀነሱና የልብ ምቱ ሐኪሟን አሳሰቧት። "ምን የምትወስጂው አለ? ቫይታሚንም፣ ሻይ ቅጠልም፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን" አለችኝ። ብልቃጡን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ጀርባውን አንብባ የክሊኒኩን የእንቅርት ውጤት እንደገና አየች።

ብዙ የላቦራቶሪ መሣሪያዎች ሆርሞንን ለመለካት ራሱን ባዮቲንን እንደ ማጣበቂያ ይጠቀማሉ። ደም ውስጥ ብዙ ባዮቲን ሲኖር ልኬቱ ይሳሳታል፤ ቲኤስኤችን ዝቅ፣ የታይሮይድ ሆርሞንን ከፍ አድርጎ ያወጣና ጤነኛውን ሰው የእንቅርት በሽተኛ ያስመስለዋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2017 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ጉዳይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ይበልጥ የሚያስፈራው ደግሞ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የሚለይበት ምርመራ ነው፤ ልብ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምረውን ትሮፖኒን የሚባል ነገር ዝቅ አድርጎ አሳይቶ፣ ልቡ የተጎዳን ሰው "ደህና ነህ" ሊያሰኝ ይችላል። ሐኪሟ እንክብሉን ለአንድ ሳምንት እንዳቆም ነገረችኝና ምርመራውን ደገመችው። እንቅርቴ ደህና ነበር። ለሌለብኝ በሽታ የተጻፈልኝ መድኃኒት ጥቅሉ ሳይከፈት ቀረ።

አብራ ያዘዘችው ሌላ ምርመራ ፌሪቲን ይባላል፤ ሰውነት ያጠራቀመውን ብረት የሚለካ ነው። የእኔ 8 ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ከ15 በታች የሆነውን የብረት እጥረት ይለዋል። ሄሞግሎቢኔ 12.1 ሆኖ እንዴት እጥረት አለብኝ ስላት ሁለት ነገር ነገረችኝ። አንደኛ፣ ጎተራው ባዶ ሆኖም ደሙ ለጊዜው ሊሞላ ይችላል። ሁለተኛ፣ ወረቀቱ ላይ የታተመው 12 የሚለው ወሰን ለዝቅተኛ ቦታ የወጣ ነው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ የሚኖር ጤነኛ ሰው ሄሞግሎቢን ከፍ ማለት አለበት። የእኔ 12.1 እዚህ ከተማ ላይ ደም ማነስ ነው።

ወደ ኋላ ሳስበው ሁሉም ነገር በዓይኔ ፊት ነበር። በእርግዝናዬ ጊዜ ጤና ጣቢያ በነጻ የሰጠኝን አይረን ስለሚያቅለሸልሸኝ ከሁለተኛው ወር በኋላ መሳቢያ ውስጥ ትቼዋለሁ። ስወልድ ብዙ ደም ፈስሶኛል። እያጠባሁ የፍልሰታንም የነቢያትንም ጾም ጾምኩ። ምሳ በላሁ ማለት ወዲያው ቡና ጠጣሁ ማለት ነው፤ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲገናኙ ከጥራጥሬና ከእህል የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋሉ። ጤፋችንና ምስራችን ብረት አላቸው፤ እኔ ግን በላዩ ላይ ሦስት ሲኒ እያፈሰስኩበት ነበር። ሩቅ አገር የተሠራ እንክብል ስጠብቅ ነጻው ክኒን መሳቢያዬ ውስጥ ጊዜው አለፈበት። ይህን ስጽፍ አሁንም ይቆጨኛል።

ሕክምናው እንዲህ ነበር። አንድ የአይረን ክኒን፣ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ከብርቱካን ጭማቂ ጋር፤ በየቀኑ ሳይሆን አንድ ቀን እየዘለልኩ። ክኒኑን የዋጠ ሰውነት ለአንድ ቀን ያህል ብረት የሚቀበልበትን በር ጠበብ ስለሚያደርግ፣ በየቀኑ መውሰዱ ሆድን ከማስቸገር በቀር ብዙ አይጨምርም አለችኝ። ቡናዬን ከምግብና ከክኒኑ ሁለት ሰዓት አራቅኩት። የመጀመሪያው ሳምንት ሆዴ ደረቀ፤ ሰገራዬም እንደ ከሰል ጠቆረ። ቀድማ ስላስጠነቀቀችኝ አልደነገጥኩም። የንስሐ አባቴን ሳማክራቸው "አንቺ ለሁለት ነው የምትበዪው፣ ተመገቢ" አሉኝ፤ ጉበትና ሥጋ ወደ ገበታዬ ተመለሰ።

ክኒኑን ከቁም ሣጥኑ በላይ፣ ልጄ ልትደርስበት በማትችልበት ቦታ ነው ያስቀመጥኩት። ከረሜላ ይመስላል፤ ትንሽ ልጅ ጥቂት ፍሬ ቢውጥ ሊገድለው ይችላል። ይህን ሳልናገር አይረን ውሰዱ ማለት አልችልም። ሳትመረመሩም አትጀምሩት፤ ብረት ሲበዛ ከሰውነት የሚወጣበት መንገድ የለውም፣ ጉበት ላይ ይከማቻል።

የጀመርኩት ጥር ላይ ነው። የልብ ምቱ በአንድ ወር ውስጥ ተወኝ። ሚዶው ላይ የሚቀረው ፀጉር መጋቢት ሲገባ ቀነሰ። ግንቦት ላይ ግንባሬ ዳር እንደ አዲስ ሣር ቀጥ ብለው የቆሙ፣ አራት ሴንቲሜትር ያህል የሆኑ አጫጭር ፀጉሮች አየሁ፤ ፀጉር በወር አንድ ሴንቲሜትር ያህል ነው የሚያድገውና ሒሳቡ ገጠመልኝ። ፌሪቲኔ በሦስተኛው ወር 27፣ በስድስተኛው 46 ደረሰ። ሁሉንም ለአይረኑ አልሰጥም፤ የወሊዱ መርገፍ በራሱ የሚያበቃበት ጊዜም ነበር። ግን ደረጃውን ልጄን አዝዬ ሳላርፍ መውጣቴ የማን ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ።

ስለ ሁለተኛው ብልቃጥም ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ ሁለት ሦስት ዓይነት ደርባችሁ ትወስዳላችሁ። ባዮቲን ብቻ አልነበረበትም፤ ቫይታሚን ኤ፣ ሴሌኒየምና ዚንክም ነበረበት። ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ራሱ ፀጉር ያረግፋል፤ ለነፍሰ ጡርም ጽንሱን ይጎዳል። ሴሌኒየም ለአዋቂ በቀን 55 ማይክሮግራም ይበቃል፤ ከ400 ማለፍ የለበትም። በ2008 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አንድ ፈሳሽ ማሟያ በስሕተት ከተጻፈበት 200 እጥፍ ሴሌኒየም ይዞ ተሽጦ ወደ 200 ሰዎች ታመሙ፤ የብዙዎቹ ፀጉር ረገፈ። በዚያ አገር በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት ማሟያ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት እንደሚሠራ ማረጋገጥ ግዴታ አይደለም። ከአሜሪካ መጥቷል ማለት ተረጋግጧል ማለት እንዳልሆነ እህቴም አታውቅም ነበር።

ሁሉም የፀጉር መርገፍ እንደ እኔ አይደለም። ታናሽ ወንድሜ ከግንባሩና ከአናቱ እየሳሳ ነው፤ ያ የዘርና የሆርሞን ነገር ስለሆነ ቫይታሚን አይመልሰውም። ለእርሱ ራስ ላይ የሚቀባው ሚኖክሲዲል ይሻላል፤ እርሱም ሲጀመር ለጥቂት ሳምንት መርገፉን ስለሚያብስ ብዙ ሰው ደንግጦ ይተወዋል፤ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ደግሞ አይመከርም። እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ የሚመለጠው፣ ላሽ የምንለው፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን ፀጉር ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ልጆች ላይ እየቀረፈ የሚመልጠው ቆረቆር ፈንገስ ነው፤ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል፣ ወደ ሌላውም ልጅ ይተላለፋል። የራስ ቆዳ ካመማችሁ፣ መግል ከያዘ፣ ወይም የመለጠው ቦታ እንደ ጠባሳ ለስልሶ ካበራ አትዘግዩ፤ እዚያ ማብቀያው ራሱ ሊሞት ይችላል።

የሹሩባውን ነገር ከሐኪሟ ይልቅ ያስተማረችኝ ሠሪዋ ናት። ጠባብ ሹሩባ ለዓመታት የግንባርንና የጆሮ ግንድን ፀጉር እየሳበ ያሳሳዋል፤ ቶሎ ከተተወ ይመለሳል፣ ከቆየ ግን ቦታው እንደተመለጠ ይቀራል። ባለፈው ወር ስሄድ አዲሶቹን አጫጭር ፀጉሮች በጣቷ ጫፍ ዳሰሰቻቸውና "እነዚህን አልነካም፣ ይደጉ" ብላ ከኋላ ብቻ ላላ አድርጋ ሠራችኝ።

እህቴ ደግሞ ዓመታዊ ምርመራዋ ደርሶ ነበር። ራሷ ያንኑ እንክብል ለሁለት ዓመት ወስዳለች። ደውዬ ደም ከመስጠቷ በፊት ለሐኪሟ እንድትነግር ለመንኳት። "ቫይታሚን እኮ ነው" አለችኝ። የልጄን ጣት፣ የእንቅርቱን ወረቀት፣ 8 ቁጥርን ሁሉ ከመጀመሪያው አንሥቼ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ፤ ከዚያ ብልቃጡን ይዛ ለመሄድ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከተው እንክብሎቹ ሲንኮሻኮሹ በስልኩ ተሰማኝ።